ሰማያዊው ጥላ

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

ስለ ሥዕል በሬዲዮ ማውራት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። እናንተ የምትሰሙት ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ የማወራው በዐይን ስለሚታይ ነገር ነው፤ ያውም ከዳር እስከ ዳር ነጭ ስለሆነ ሥዕል። ቢሆንም ለጆሮ የሚመች ሥዕል ካለ የበረዶ ሥዕል ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ስለሆነ አንድ በአንድ መናገር ይቻላል።

እንግዲህ ሸራውን ልዘርጋላችሁ። ቁመቱ 89፣ ወርዱ 130 ሳንቲ ሜትር ነው። ከፊት ለፊት በረዶ የለበሰ ሜዳ አለ። ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀጫጭን እንጨት የተጎነጎነ አጥር ያቋርጠዋል፤ በአጥሩ ጫፍ ላይ በረዶ ተከምሯል። በግራ በኩል መሰላል የሚመስል የእንጨት በር አለ። በሩ ላይ አንዲት ወፍ ጉብ ብላለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጭራዋ ረዘም ያለ፣ ከቁራ ወገን የሆነች። ከአጥሩ ወዲያ ቅርንጫፋቸው በበረዶ የከበደ ዛፎች፣ ከዛፎቹ መሀል ደግሞ ጣሪያው ነጭ የሆነ ቤት ከነጭስ መውጫው ይታያል። ሰው የለም። ፀሐይዋም በሥዕሉ ውስጥ የለችም፤ ግን ከአጥሩ በስተጀርባ እንዳለች እናውቃለን። የአጥሩ ጥላ በበረዶው ላይ ተዘርግቶ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ይመጣላ! ያ ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ቡናማም አይደለም። ሰማያዊ ነው፤ እዚህም እዚያም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ።

ሥዕሉ ስሙን የወሰደው ከወፏ ነው፤ ፈረንሳዮች «ላ ፒ» ይሉታል። ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከወፏ ይልቅ ስለ ጥላው ላወራችሁ እፈልጋለሁ። በበረዶ ሥዕል ውስጥ ብርሃኑን የሚሠራው ጥላው ነው ብዬ ስለማምን።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1868 ማብቂያ እስከ 1869 መጀመሪያ ያለው የብርድ ወቅት ነው። ሞኔ 28 ዓመቱ ነው። ያለው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ኤትረታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አብራው ካሚል አለች፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ዣንም አለ። ያለፉት ወራት የችግር ወራት ነበሩ። አበዳሪ እያሳደደው፣ ሥዕሉ አልሸጥ እያለው ከርሟል። ለ አቭር ከሚባለው የወደብ ከተማ ጎዲበር የተባለ ሀብታም ሥዕል እያዘዘ እጁን ባይዘረጋለት ኖሮ ያ ክረምት እንዴት ያልፍ እንደነበር እንጃ። በታኅሣሥ ወር ለሠዓሊ ጓደኛው ለፍሬዴሪክ ባዚል በጻፈው ደብዳቤ ቤቱ ውስጥ እሳት እንደሚነድና ቤተሰቡን ይዞ ደስ ብሎት እንደሚኖር ነግሮታል። ሥዕሉን ስናይ ይህን ማስታወስ አይከፋም። የብርድ ሥዕል ነው፤ የሣለው ሰው ግን የሚገባበት ሙቅ ቤት ነበረው።

ሞኔ በረዶ የሚሥለው ቤቱ ተቀምጦ በትዝታ አልነበረም። በ1868 አንድ የለ አቭር ጋዜጠኛ ሠዓሊውን በበረዶ መሀል እንዳገኘው ጽፏል፦ ሦስት ካፖርት ደራርቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ አጠገቡ ትንሽ ማሞቂያ አስቀምጦ፣ ፊቱ በብርድ ደርቆ። ጋዜጠኛው መጀመሪያ ያየው ማሞቂያውን ነበር፤ ሠዓሊው የታየው ኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ስቃይ ለምን? ነጭ ነገር ለመሣል ነጭ ቀለም አይበቃም ወይ?

አይበቃም። አዲስ የወረደ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 ከመቶ የሚሆነውን መልሶ ይረጨዋል። በበረዶ አገር ሰዎች በጠራ ቀን ጥቁር መነጽር የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ያለዚያ ዐይን ይጎዳል። አሁን ይህን በሸራ ላይ አምጡት። ሠዓሊው ያለው ከሁሉ የደመቀ ቀለም ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነጭ ነው። ሥዕሉ የሚሰቀለው ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ውጭ በፀሐይ ቀን ያለው ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ካለው በመቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሠዓሊው የበረዶን ድምቀት ልክ በልኩ ሊያመጣው አይችልም፤ ዘዴ መፈለግ አለበት። ጀማሪ ሠዓሊ ነጩን ቀለም ከቱቦው እያወጣ ሸራውን በሙሉ ይለቀልቀዋል። ውጤቱ በረዶ አይሆንም፤ ያልተጀመረ ሸራ ነው የሚመስለው። ልምድ ያለው ግን ንጹሑን ነጭ ይሰስተዋል። ሜዳውን በሙሉ በጥቂቱ ያጨልመዋል፤ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ትንሽ ቢጫ እየቀላቀለ ይሠራውና ንጹሑን ነጭ ለጥቂት ቦታ ብቻ ያስቀምጠዋል። «ላ ፒ» ላይ ሰማዩን ብታስተውሉት ፀሐይ ካረፈባቸው የበረዶ ቦታዎች ይልቅ ደብዘዝ ይላል። መሬቱ ከሰማዩ ይበልጥ የሚያበራ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የበረዶ ቀን ዋና ምልክቱም ይኸው ነው።

ሥዕሉ የቆመው እንግዲህ በጥላው ላይ ነው። ጥላው ባይኖር ነጩ አይበራም። ጥላው ጥቁር ቢሆን ደግሞ በረዶው ጭቃ ይመስል ነበር።

ጥላው ለምን ሰማያዊ ሆነ? ጥላ ማለት የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ፀሐይ ባትደርስበትም ግን ሰማዩ ይደርስበታል። በጠራ ቀን ሰማዩ ራሱ ትልቅ መብራት ነው፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። አየር ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ክፍል ከቀዩ ይልቅ አብልጦ ይበትነዋል። በአስፋልት ወይም በአፈር ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ አፈሩ የራሱ ቀለም ስላለው ይሸፍነዋል። በረዶ ግን የራሱ ቀለም የለውም፤ የተሰጠውን ይመልሳል። ፀሐይ ያገኘው በረዶ ቢጫ ቢጤ ይሆናል፤ ሰማይ ብቻ ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል። የሰማዩን ነገር በቀመር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት፣ በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው፣ ጽሑፉን ያወጣው በ1871 ነው፤ የሞኔ ሸራ ከደረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ። ዐይን ከቀመሩ ቀድሟል።

ከሞኔም የቀደመ አለ። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በታኅሣሥ 1777 ሃርትስ በሚባለው የጀርመን ተራራማ አገር፣ ብሮከን ከሚባለው ተራራ ሲወርድ በረዶው ላይ ያየውን ኋላ በ1810 ባሳተመው የቀለም መጽሐፉ ጽፎታል። ቀን ላይ በረዶው ወደ ቢጫ ሲያደላ ጥላዎቹ ወደ ሐምራዊ ያደሉ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዙሪያው ሁሉ ሲቀላ፣ ጥላዎቹ አረንጓዴ ሆኑበት። አረንጓዴ! ይህ ደግሞ የሰማይ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ዐይን ሥራም አለበት። ዐይን ቀይ ነገር ሲበዛበት አጠገቡ ያለውን ገለልተኛ ቀለም ወደ አረንጓዴ ይገፋዋል፤ ቢጫ ሲበዛበት ወደ ሐምራዊ። ሼቭሮል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ «ጥቁሩ ክር ጥቁረት ጎደለው» የሚል አቤቱታ ሲመጣበት ጉዳዩን መረመረ። ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ የተሰፋው ቀለም እንደሆነ ደረሰበት፤ ትልቁን መጽሐፉን ያሳተመው በ1839 ነው።

ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ በረዶ አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ፣ ውጭው ጨርሶ ሳይጨልም፣ ነጭ ወረቀት በመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በወረቀቱ መሀል እርሳስ አቁሙ። ከመስኮቱ በተቃራኒ ወገን ጧፍ ለኩሱ። እርሳሱ ሁለት ጥላ ይጥላል፤ አንዱ ከመስኮቱ ብርሃን፣ አንዱ ከጧፉ። ከጧፉ የተነሳው ጥላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያችኋል፤ ያ ቦታ የሚያገኘው የመሸውን ሰማይ ብርሃን ብቻ ነውና። ሌላኛው የጧፉን ብርሃን ብቻ ስለሚያገኝ ወርቃማ ይሆናል። ሙከራው በጎተ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ልጆች ካሉ አስጠጓቸው፤ እሳቱን ግን እናንተው ያዙት።

በስቶክሆልም፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ ሆናችሁ የምትሰሙን ደግሞ ጧፉ አያስፈልጋችሁም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት የመኪናችሁን ጥላ በበረዶው ላይ እዩት። ደመና በሸፈነው ቀን ተመልሳችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ወደዚህ ደመና በኋላ እመለሳለሁ።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

ስለ ጥላው ቀለም ይህን ካልን፣ ርዝመቱስ? በአዲስ አበባ በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከፍ ብላ ነው የምትውለው፤ አንድ ሜትር ቁመት ያለው አጥር በቀትር የሚጥለው ጥላ ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። በኤትረታ ግን ፀሐይዋ በዚያው ወቅት ቀትር ላይ ከአድማስ በ17 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ያው አንድ ሜትር አጥር ከሦስት ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። የሰሜን አገር ሰው በበረዶ ወራት ቀኑን ሙሉ የሚኖረው እኛ ጠዋትና ማታ ብቻ በምናውቀው ብርሃን ውስጥ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የእነዚህ ሥዕሎች ድባብ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ተመልካቹ ሳያስበው «ቀኑ አጭር ነው፤ ይህ ብርሃን አይቆይም» ይላል። ሞኔ ጥላውን ወደ እኛ ማምጣቱ ደግሞ ነገሩን ያጠነክረዋል። ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን ብናይ ኖሮ ሁሉም ነገር በእኩል ይበራ፣ ጥላውም ከነገሩ ጀርባ ይደበቅ ነበር። ፀሐይን ከአጥሩ ጀርባ ሲያደርጋት ግን የአጥሩ ፊት ይጨልማል፤ በላዩ የተከመረው በረዶ ጠርዙ ይበራል፤ በእንጨቶቹ መሀል ያለፈው ብርሃን ጥላውን እየቆራረጠ ያወርደዋል።

ወደ ወፏ ልምጣ፤ ርዕሱን የያዘችው እሷ ነችና ዘልያት ልሄድ አይገባም። መጠኗ ከሥዕሉ ስፋት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነች። ሥራዋ ግን ሁለት ነው። አንደኛው የቀለም ሥራ ነው፤ በሸራው ላይ ከሁሉ የጠቆረው ነገር እሷ ነች። ዐይን አንድ እውነተኛ ጥቁር ካየ በኋላ ሌላው ሁሉ፣ ጥላውም ጭምር፣ ከብርሃን ወገን ይሆንለታል። በጣታችሁ ሸፍናችሁ ብታዩት ሥዕሉ ወዲያው ይደበዝዛል፤ በስልክ ላይ ባለ ምስልም ቢሆን ይሠራል። (ስልክ ካነሳን አይቀር፣ አንዳንድ የዚህ ሥዕል ቅጂዎች ሰማያዊውን ያጋንኑታል፤ ዐይን የሚወጋ ሰማያዊ ካያችሁ ሞኔን አትውቀሱት።) ሁለተኛው ሥራዋ የጊዜ ነው። አጥሩም ቤቱም ነገ እዚያው ናቸው። ወፍ ግን ወፍ ነች፤ አሁን ካለች በኋላ ላትኖር ትችላለች። ብርሃኑም እንደ እሷ ነው፤ ሠዓሊው ሁለቱን በአንድ ሰዓት ያዛቸው።

ሞኔ ይህን ሥዕል ለ1869ኙ የፓሪስ ሳሎን አቀረበው። ሳሎን በዚያን ጊዜ የአንድ ሠዓሊ እንጀራ የሚወሰንበት ትልቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ ነበር፤ ዳኞች ካለፉት ገዢ ይመጣል፣ ካላለፉት ሸራውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሞኔ ተሸክሞ ተመለሰ። ዳኞቹን ለመረዳት ሌሎች በረዶን እንዴት ይሥሉ እንደነበር ማየት ይረዳል። በዚያው ዘመን ጉስታቭ ኩርቤ በረዶ አሳምሮ ይሥል ነበር፤ ግን በበረዶው ውስጥ አዳኝ አለ፣ የቆሰለ አጋዘን አለ፣ ውሻ አለ። ታሪክ አለ። የሞኔ በረዶ ውስጥ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። አጥር ላይ ወፍ ተቀመጠች። ለዚያ «ምንም» 130 ሳንቲ ሜትር ሸራ መስጠት፣ ከዚያም ጥላውን ሰማያዊ ማድረግ፣ በቡናማ ጥላ ላደገ ዐይን ያልተለመደ ነገር ነበር። እኔ በበኩሌ ዳኞቹ ሥዕሉን ሳያዩት የጣሉት አይመስለኝም፤ አይተውት፣ በሚያውቁት ሚዛን ቀለለባቸው።

የቀለሙም ነገር አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ጥሩ ሰማያዊ ቀለም የሚገኘው ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ሰማያዊ ድንጋይ ነበር፤ ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር። በዚያ ዋጋ ለማርያም ካባ እንጂ ለአጥር ጥላ ማን ያወጣዋል? በ1820ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ይኸው ሰማያዊ በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ኮባልት ሰማያዊ ከዚያም ቀድሞ መጥቷል። በ1841 ደግሞ ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለምን በቆርቆሮ ቱቦ ማሸግን ፈለሰፈ። ሠዓሊ ቀለሙን በኪሱ ይዞ በረዶ ውስጥ መቆም የቻለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ደመናው። ከሞኔ 300 ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ፤ 1565። ፍላንደርዛዊው ፒተር ብሩግል «አዳኞች በበረዶ» የተባለውን ሥዕል በሳንቃ ላይ ሠራ፤ ዛሬ ቪየና ውስጥ በሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም አለ። ያዘዘው ኒክላስ ዮንገሊንክ የተባለ የአንትወርፕ ነጋዴ ነው፤ የዓመቱን ወራት የሚያሳይ ተከታታይ ሥራ አካል ሲሆን ከተከታታዩ አምስቱ እስከ ዛሬ አሉ። ከ1564 ወደ 1565 የተሻገረው ክረምት በአውሮፓ እጅግ የበረታ ነበር።

በግራ በኩል ሦስት አዳኞች ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁልቁል ይሄዳሉ። የያዙት አንዲት ቀበሮ ብቻ ነው። ውሾቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ይከተላሉ። አጠገባቸው የመጠጥ ቤቱ ምልክት ከአንድ መንጠቆው ተላቆ ተንጠልጥሏል፤ ከደጁ ሰዎች እሳት አንድደዋል። ከታች በረጋው ኩሬ ላይ ደግሞ ሕፃን አዋቂው ይንሸራተታል፣ ይጫወታል። በሥዕሉ ውስጥ ሕዝብ ሞልቷል፤ ነገር ግን ከሞኔው ባዶ ሜዳ ይበልጥ ይበርዳል። ለምን?

ጥላ ስለሌለ ነው። ሰማዩ በሙሉ ደመና ነው፤ ብርሃኑ ከየትም አይመጣም፣ ከሁሉም ይመጣል። ሰውም ዛፍም መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ የለውም። ብሩግል ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፦ ሰማዩንና የኩሬውን በረዶ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ግራጫ ቀባቸው። ላይ ብታዩ ያው፣ ታች ብታዩ ያው፤ መውጫ የለም። ከዚያ መሀል ሰዎቹ፣ ውሾቹና ዛፎቹ ጠቁረው ይቆማሉ። ያቺ የመጠጥ ቤቱ እሳት ብቸኛዋ ሞቅ ያለች ቀለም ልትባል ምንም አይቀራት፤ እሷም ትንሽ ስለሆነች ብርዱን ታሳየናለች እንጂ አታሞቀንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎችም በአብዛኛው መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እዚያ የቅዱሱ ብርሃን ሰዓት ስለሌለው ነው፤ ጠዋትም ማታም አይደለም። የብሩግል ጥላ ማጣት ግን የአየር ጠባይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ሰው «ጥላ የለም» ብሎ ቢያልፍ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ሞኔ በሳሎኑ ከወደቀ በኋላም በረዶን አልተወም። በ1890 እና በ1891 የገለባ ክምሮችን 25 ያህል ጊዜ ሥሏል፤ ከነዚህም በረዶ የለበሱ አሉ። በግንቦት 1891 ከመካከላቸው 15ቱ በፓሪስ ዱራን ሩኤል ማሳያ አዳራሽ ሲቀርቡ በቀናት ውስጥ ተሸጡ። በእነዚህ ላይ ወፍም የለም፣ በርም የለም። አንድ ክምርና ከክምሩ የሚወጣ ረጅም ጥላ ብቻ ነው ያለው፤ ጥላው አንዳንዴ ከክምሩ እኩል ቦታ ይይዛል። የ1869ኞቹ ዳኞች የገፉት ነገር ሙሉ ሥዕል ሆኖ፣ ገዢም አግኝቶ መጣ።

የዛሬው ዝግጅታችን ይኸው ነበር። ሳምንት በዚሁ ሰዓት በሌላ ሥዕል እንገናኛለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]